የትርንጎ ጅምር ድድ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሕይወት ከባሕር ዳር መጣችና ገና ቁጭ ሳትል ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ማስታወቂያ ነው። በአንድ በኩል አንገቷን የተነቀሰች ሴት፣ በሌላው በኩል ያችው ሴት አንገቷ ጠርቶ ትታያለች፤ ከሥሩ «ንቅሳት በጨረር እናጠፋለን» ይላል። ሕይወት እናቷን ወስዳ አንገቷን ልታስጠራላት አስባለች። በቅርቡ ትመረቃለች፤ ለፎቶው መሆኑ ነው። አፍ አውጥታ እንዲህ አላለችም፣ እኔ ግን ገብቶኛል።

እህቴ ድንች እየላጠች ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል እኔ መናገር አለብኝ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የሥራ ክፍፍላችን ይኸው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል፣ ነፋስ መውጫ ላይ ይህን የማያውቅብኝ የለም። አንገቱ የእሷ ነው፣ ብትፈልግ ታስጠራው፣ ባትፈልግ ትተወው አልኩና ስለ ድድ ማውራት ጀመርኩ። ሕይወት የጠየቅሁሽ ስለ አንገት፣ ድዱን ምን አመጣው ብላ ሳቀች። ድዱን ያመጣውን ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ነርስ ነበርኩ። የታች ጋይንት ልጅ ነኝ፣ የአርብ ገበያ፤ የተመደብኩት ግን ሰማዳ፣ ወገዳ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ክረምት ሲገባ መኪና የሚባል ነገር ከወገዳ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ወጪውም ገቢውም በእግር ነው፣ ያለው በበቅሎ። ጭቃው ጫማ አውልቆ ያስቀራል። እኔም አንዱን ጫማዬን ለጭቃው ገብሬ በተውሶ ቦት ጫማ ከርሜያለሁ። ግን ምን ይደረግ፣ ወጣትነት ነውና ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ገብሱ ዳገቱን ሁሉ ለብሶት ይታያል፤ ማታ አከራዬ ጎመን ከድንች ጋር ቀቅላ ትጠብቀኛለች። እንደዚያ የጣፈጠኝ ጎመን ከዚያ ወዲህ አልበላሁም፣ ምናልባት ርሃቡ ይሆናል ያጣፈጠው።

ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ገበሬዎች አንዲት ልጅ በቃሬዛ ይዘው ጤና ጣቢያችን ገቡ። የጠፋ በሬ ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ሲሄዱ፣ ውሃው ከሚታጠፍበት ቦታ የሾላ ሥር ይዟት አገኟት። ሞታለች ብለው ሬሳዋን ሊያወጡ ሲጎትቱ አቃሰተች። ማን እንደሆነች አያውቁም። ውሃ ያመጣት ናት፣ ከማዶ ከእስቴ በኩል ትሆናለች አሉን። ወንዙን በስሙ አልጠራውም፤ በየመንደሩ ሌላ ስም ስላለው ከማንም ጋር መጣላት አልፈልግም።

ልጅቱ ነፍሷን አታውቅም። ፊቷ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ቆይቶ አብጧል፣ ዓይኖቿ እብጠቱ ውስጥ ጠፍተዋል፣ ወልዳ ያሳደገች እናት እንኳ በመልኳ የምትለያት አትመስልም። ልብሷን ውሃው ቀዳዶታል። ትንፋሿ ግን አለ፣ ውሃ በማንኪያ ጠብ ስናደርግላት ትውጣለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ታደሰ የሚባል የደሴ ልጅ ነበር፣ ጎበዝ፣ ቀልድ የሚወድ። ያን ቀን ግን አልቀለደም። ሳንባዋ ውሃ ገብቶበታል፣ ጭንቅላቷም ተጎድቷል፣ እዚህ ከቆየች አትተርፍም፣ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መድረስ አለባት አለ።

ችግሩ መድረሱ ላይ ነው። መኪና እስከሚገኝበት ድረስ ዳገትና ቁልቁለት፣ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ጭቃ ነው። ቃሬዛ ተሸካሚ ይፈልጋል፣ የደከመውን የሚተካ ሌላ ተሸካሚ፣ እሱንም የሚተካ ሌላ። ለገዛ ልጁ መንደሩ ነቅሎ ይወጣል። ስሟ ለማይታወቅ ልጅ፣ በአረም ወቅት፣ ማንን ከማሳው እንጥራ? ያመጧት ገበሬዎችም ከንፈራቸውን መጠው፣ እግዜር ያትርፋት ብለው ወደ በሬያቸው ተመለሱ። አልፈርድባቸውም፣ እነሱ ባይኖሩ እዚያው ሾላው ሥር ትቀር ነበር። ብቻ ወገኖቿን ካላገኘን ልጅቱ በእጃችን ላይ እንደምትሞት ሁለታችንም አወቅን።

በማግስቱ ገበያ ነበር። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ድምፁ ለቅዳሴ የሚበቃ ሰው ነው፤ ገበያው መሃል ቆሞ፣ ውሃ የወሰዳት ልጅ ተገኝታለች፣ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፣ የጠፋችበት ይምጣ ብሎ ለፈፈ። ሌላ ምን እንበል? ከፊቷ ላይ ሊለይ የሚችል የቀረ ነገር መስቀሉ ብቻ ነበር። በእኛ አገር ግንባሯ ላይ መስቀል ያላትን ልጅ ፈልጉ ማለት ግን እግር ያላትን ፈልጉ እንደ ማለት ነው። እኔም አለኝ፣ አከራዬም አላት፣ ለፋፊው ዘበኛ ሚስትም አላት።

ያም ሆኖ ሰዎች መጡ። ሴቶች ናቸው የሚበዙት፣ ልጃቸው ለሥራ ሄዳ ወሬዋ የጠፋባቸው፣ ከባሏ ጠፍታ የት እንደ ገባች ያላወቁ። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ይገባሉ፣ ያዩዋታል፣ ወይ በቁመቷ ወይ በእጇ ጣት አለመሆኗን ያውቃሉ፣ ይወጣሉ። አንዲት ሴትዮ አይረሱኝም። የልጅቱን እግር በእጃቸው ሲዳብሱ ቆዩና የእኔ አይደለችም አሉኝ፤ ከዚያ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ትራሷ ሥር አስቀመጡላት። ስትነሳ ትብላው አሉ። አንጀቴን በሉት። ከክፍሉ ወጥቼ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ድዷን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ነፍሱን ለማያውቅ በሽተኛ አፉን ማጠብ ግዴታ ነው፣ አለበለዚያ ይቆስላል። ጥጥ በጨው ውሃ ነክሬ የላይ ከንፈሯን ሳነሳ ደነገጥኩ። ከመሃል ጥርሷ ወደ ቀኝ ድዷ እንደ ኑግ ጠቁሯል፣ የጥሩ ነቃሽ እጅ ነው። ወደ ግራ ግን ምንም የለም፣ እንደ ተፈጠረ ቀይ ድድ ነው። መሃሉ ላይ ነጠብጣቡ ተንጋዶ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ሰው ተይዞ ሲያመልጥ እጅ እንደሚስት።

ታደሰን ጠራሁት። አይቶ በሽታ ነው ወይ አለኝ። ሳቅሁ፣ ካመጧት ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ነው። ድድ መነቀስ ቀልድ እንዳልሆነ ነገርኩት። ነቃሿ ጭንሽን በጉልበቷ ይዛ፣ መርፌዎቹን ባንድ አስራ፣ ጥላሸቱን እያጠቀሰች ድድሽን ስትጠቀጥቅሽ ዓይንሽ ከቦታው የሚወጣ ይመስልሻል፤ ግን ሁሉም ያልቃል። የተጀመረ ድድ ሳያልቅ አይቀርም፣ ነውር ነው፣ መንደር ይስቅብሻል። ይህቺ ልጅ መሃል ላይ አምልጣ ሮጣለች። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ መንደር አይረሳም። የሚቀጥለው ገበያ ድረስ ትቆይልን እንጂ ወገኖቿን እናገኛለን አልኩት።

ቆየችልን። በሚቀጥለው ገበያ ዘበኛችን ያንኑ ድምፁን ከፍቶ ግማሽ ድዷን የተነቀሰች ልጅ እያለ ሲለፍፍ ገበያተኛው ሳቀ። ግማሹን ማን ይዞባት ነው፣ ሌላውን ለባሏ አስቀምጣው ነው፣ እያሉ ቀለዱ። ከበግ ነጋዴዎቹ መሃል አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ገመዱን ለሰው አስይዘው ወደ እኔ መጡ። አያ ደምሌ ይባላሉ፣ ወንዙን ከላይ ባለው ድልድይ ዞረው ከእስቴ በኩል የመጡ ናቸው።

«የትኛው በኩል ነው የተነቀሰው?» አሉኝ።

«ቀኙ።»

«ያቺንማ አልቅሰንላታል» አሉ።

አስገባኋቸው። ፊቷን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልለዩዋትም። ከንፈሯን ሳነሳላቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ታሪኩን እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። ትርንጎ ትባላለች፣ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጅ። ለጥምቀት እንድታምር ከእኩዮቿ ጋር ሊያስነቅሷት ነቃሽ ተጠርታ፣ ድዷ እኩል ሲደርስ ነቃሿን ገፍትራ፣ ደሟን እያዘራች በባቄላ ማሳ ውስጥ ለውስጥ ሮጠች። እናቷ ቢለምኗት ቢቆጧት ሁለተኛ አልቀመጥ አለች። ከዚያ ወዲህ አገሩ የሚጠራት «ጅምር» እያለ ነው፤ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትይዘውም ለዚሁ ነው። ሰሞኑን እህል ልታስፈጭ ወንዝ ስትሻገር ደራሽ ውሃ ወሰዳት። ነጠላዋን ከታች እሾህ ላይ አገኙት፣ እሷን ግን አጧት። ፍለጋው ሲያበቃ ሽማግሌዎች በማለዳ ገብተው ለእናቲቱ መርዶዋን ነገሩ። ባለፈው ገበያ ያልመጣሁት ፍለጋ ላይ ሆኜ ነው አሉኝ።

ታደሰ ልጅቱን ሊጠብቅ ቀረ፣ እኔና አያ ደምሌ በነጋታው ማለዳ ተነሳን። ሰው ስናጣ ነው እንጂ ስናገኝ አይደለም የምንሮጠው እያሉ ቁልቁለቱን ቀስ አድርገው ያወርዱኝ ነበር፤ እኔ ግን ብበር ደስ ባለኝ። መንገድ ላይ በሶ በቅል በጥብጠው ሰጡኝ፣ ዝናብ እየቀጠቀጠን ቆመን ጠጣን። ድልድዩን ዞረን ሰፈራቸው ስንደርስ መሸ። በቀጥታ እናቲቱ ቤት እንሂድ ብል እንዴት ተደርጎ አሉ። የተጎዳች ሴት ናት፣ ድንገት ልጅሽ አለች ብንላት ልቧ ቀጥ ቢልስ? እንዲህ ያለ ከባድ ቃል በወጉ ነው የሚነገር፤ ነገ በማለዳ የነፍስ አባቷንና ሽማግሌዎችን ይዘን እንገባለን አሉ። ትክክል መሰለኝ። ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር አገሩ ያውቃል። የሞተን ሰው አለ ብሎ የመጣ ሰው ግን ከዚያ በፊት አላጋጠማቸውም፣ ስለዚህ የሚያውቁትን ወግ ያዙ።

ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ ሄድን። ከፊት አባ ሞገስ መስቀላቸውን ይዘው፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ አያ ደምሌ፣ መጨረሻ ላይ እኔ። ማንም አይናገርም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በረቱን ሊከፍቱ ወጥተው ነበር። አዩን። አንድ በአንድ አዩን። እኔ ያኔም አልገባኝም፣ በኋላ ነው የተነገረኝ፤ ሴትዮዋ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ አበበ የሚባል፣ ለሰሊጥ አረም ሁመራ የወረደ።

«አበበንም?» አሉ ቀስ ብለው።

አባ ሞገስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደግ ሰው ነበሩ። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ሰዓት ሰው ቤት ሲገቡ የሚሉት አንድ ቃል ነው። አፋቸው ለምዶ አመለጣቸው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ።

ጉድ ፈላ። የወይዘሮ ጥሩወርቅን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከየቤቱ ሰው እየጮኸ ወጣ፣ ምን ሆነ የሚል የለም፣ ጩኸት ከተሰማ መድረስ ነው፤ ሴቶቹ ወየው እያሉ፣ ወንዶቹ ደረታቸውን እየደቁ አበበ፣ አበበ ማለት ጀመሩ። አባ ሞገስ ኧረ እናንተ ሰዎች እያሉ መስቀላቸውን ያወዛውዛሉ፣ ሰዉ የሚባርኩት መስሎት ባሰበት። ከሁሉ የገረመኝ አያ ደምሌ ናቸው፤ ከእኔ ጋር ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ሰውዬ ግርግሩ ወስዷቸው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ አለች፣ አለች፣ ትርንጎ አለች እያልኩ እጮሃለሁ፣ ግን እንደማንኛዋም አልቃሽ ነው የታየሁት። ሴትዮዋ ፊታቸውን ሊነጩ እጃቸውን ሲያነሱ ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ተናደድኩ። ሰው ለሌላው ሰው ደስታ ይዞ መጥቶ እንዲህ ይሆናል?

ሰዉን ጥሼ ገባሁና እጃቸውን ያዝኩ። ቃል የሚሰማ ጆሮ እንደሌለ ገብቶኛል። የላይ ከንፈሬን በጣቴ ገልብጬ ድዴን አሳየኋቸው። የእኔ ድድ ሙሉ ነው፣ እናቴ ሳታስጨርስ የምትለቅ ሴት አልነበረችም። ግራውን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ቀኙ ብቻ ቀረ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጩኸታቸውን አቋረጡ። ድዴን አዩ፣ ዓይኔን አዩ፣ እንደገና ድዴን አዩ።

«ልጄ፣ ይህን የት አየሽው?»

«አፏን ሳጥብላት» አልኳቸው። «ትላንት ጠዋት።»

ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ የሚጠይቁኝ መሰለኝ፣ የት ነው ያለችው፣ ማን አገኛት፣ እንዴት ተረፈች። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት።

«ውሃ ትጠጣለች?»

«ትጠጣለች፣ በማንኪያ።»

ቀና አሉና ወደሚያለቅሰው ሰው ዞሩ። «ዝም በሉ» አሉ፣ «ልጄ ውሃ ትጠጣለች።»

የሆነውን ሁሉ ለመንገር ጊዜ ወሰደብን፤ አንዱ ሲገባው ሌላው ያለቅሳል፣ አንዱ ሲስቅ ሌላው ምን ተሳቀ ብሎ ይቆጣል። አንድ ነገር ግን ወዲያው ሆነ። ሊያለቅሱ የመጡት ወንዶች፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ ቃሬዛ አንስተው መንገድ ጀመሩ። ልመና አላስፈለገም። ስንቅ የሚቋጥረው ቋጠረ፣ እናቲቱን በቅሎ ላይ አወጧቸው፣ አባ ሞገስም ስህተታቸውን ለመካስ ነው መሰለኝ በዚያ ዕድሜያቸው ተከተሉን። ወገዳ ስንገባ ታደሰ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ሞታለች ብለው ሊቀብሯት የመጡ መስሎት ከክፍሉ ሮጦ ወጣ፣ አለች፣ አለች እያለ። ሳቅን፣ አለቀስን።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገብተው ጆሮዋ ሥር «ጅምሬ» አሏት። ልጅቱ ዓይኗን አልገለጠችም፣ ግን ራሷን ወደ ድምፁ አዞረች። ከመጣች ጀምሮ ለማንኛችንም ያላደረገችውን ነው ያደረገችው። ማግስቱን እየተቀባበሉ ዳገቱን አወጧት፣ መኪና መንገድ ላይ አደረሷት፣ ደብረ ታቦር ገባች። ዳነች። ቀስ እያለች ነው የዳነችው፣ አንድ እግሯም ትንሽ እንደ ቀረ ነው፣ ግን ዳነች፣ አግብታ ወልዳለች። አበበም ከሁመራ በሰላም ተመለሰ፤ አገር ምድሩ እንዳለቀሰለት ሲነግሩት ምን ያህል ሰው ነበር ብሎ ጠየቀ አሉ። ትርንጎ መናገር ስትጀምር መጀመሪያ ከተናገረችው አንዱ አፌን የከፈተብኝ ማን ነው የሚል ነበር። የቀረውን ንቅሳት ሊያስጨርሷት ሲለምኗት የነበሩት እናቷም፣ ከእንግዲህ ይህን ድድ መርፌ የነካው እንደሆነ ብለው መንደሩን አስጠነቀቁ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ስሙን መናገር የማይችል ሰው ሲመጣ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ብቻ አልፈልግም ነበር። ክንዱን አያለሁ፣ አንገቷን አያለሁ፣ የጆሮዋ ቀዳዳ ስንት እንደሆነ፣ ጠባሳ የት እንዳለ፣ ድዱንም ገልጬ አያለሁ። አንዳንዴ ነፍስ አትርፎልናል፣ አንዳንዴ ለመቃብር ስም ለማግኘት ብቻ። እሱም ቀላል አይደለም፤ ልጇን በስሟ ያለቀሰች እናትና ስታማትር የምትኖር እናት አንድ አይደሉም።

ለሕይወት ይህን ሁሉ ነገርኳትና እሷ ስታዳምጥ ቆይታ፣ አክስቴ፣ ለዚህ ነው እንዴ ወሬ ስታመጪ እንደዚያ የምትጮኺው አለችኝ። አዎ፣ ለዚህ ነው። ደግ ወሬ በማለዳ ይዤ አልሄድም፣ ከሽማግሌ ጋር አልሄድም፣ ተከናንቤም አልሄድም። ባለፈው ወር ልጇ ርቆ ሄዶ ድምፁ የጠፋባት ጎረቤቴ አለች፤ ስልኳ አልሠራ ሲለው ልጁ እኔ ጋ ደወለ። ቀትር ላይ ነው። ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላደርግ መንገዱ መሃል ወጥቼ ከታችኛው ቅያስ ጀምሬ ልጅሽ ደህና ነው፣ ልጅሽ ደህና ነው እያልኩ እየጮህኩ ወጣሁ። ባጃጅ ቆመልኝ፣ ሰው አበደች አለ፣ ሱቅ የነበሩት ሁሉ ወጡ። ይበሉ። በሯ ላይ ስደርስ እሷ ሰምታ ጨርሳ እየሳቀች ነበር፤ የእኔን ፊት አይታ ለመደንገጥ ጊዜ አላገኘችም።